የመሳፍንት መጋረጃ በደመወዝተኛ ቤት



ሰው ሥራ ይዞ የመጀመሪያውን ክፍል ሲከራይ፣ አልጋውንና ጠረጴዛውን ካስገባ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው በባዶው ግድግዳ ላይ ነው። አልጋ ይተኙበታል፤ ጠረጴዛ ይጽፉበታል፤ ግድግዳ ግን ምን ይሠሩበታል? አንዱ የዘመን መቁጠሪያ ይሰቅልበታል፤ ሌላው የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ ይደረድርበታል፤ ሦስተኛው አንበሳ ወይም አጋዘን ያለበትን ምንጣፍ ይዘረጋበታል። ከእነዚህ ሌላ አንድ የጌጥ ዓይነት አለ፤ ይኸውም በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ መሳፍንት አዳራሽ ይሰቀል የነበረውን ሥዕል የተሸመነበት መጋረጃ አስመስሎ በፋብሪካ የሚሠራው ቅጂ ነው። ፈረንጆች ዋናውን ታፒስትሪ ይሉታል። በዚህ ሳምንት ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለዚሁ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሌላ ሰው ግድግዳ ቅጂ በራስ ግድግዳ ላይ መስቀል ያኮራል ወይስ ያሳፍራል? ከደመወዝ ተቀንሶ ገንዘብ ሊወጣበት የተገባ ነውን? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን ዕቃው ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው ዕቃው መጥፎ በመሆኑ ሳይሆን ምን እንደ ገዛ ባለማወቁ ነውና። አስቀድሜ የማስታውቃችሁ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

ታፒስትሪ በጨርቅ ላይ በብሩሽ የተሳለ ሥዕል አይደለም፤ በመርፌ የተጠለፈም አይደለም። ሥዕሉና ጨርቁ አብረው የሚወለዱ መንታዎች ናቸው። ይህን ለመረዳት ሩቅ አትሂዱ፤ የእናታችሁን የበዓል ቀሚስ ጥለት ተመልከቱ። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ነጩን ማግ በመወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር ያስኬዳል፤ ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየለቀመ በሚፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ያስገባል። የታፒስትሪ ሸማኔ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ ማግ የለውም። ጨርቁ በሙሉ በየቦታው በእጅ እየተለቀመ የሚሠራ ነው። ቀዩ ማግ ቀዩ አበባ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀጥሎ ሰማያዊው ይጀምራል፤ ቀጥሎም ቢጫው። ማጉ እየተመታ ስለሚጠብቅ ድሩ ፈጽሞ ይሸፈናል፤ ለተመልካች የሚታየው ማጉ ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሠዓሊ ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን በመጋረጃው ልክ በትልቁ ይነድፍና ለሸማኔዎቹ ይሰጣል። ሸማኔዎቹም ንድፉን ከድሩ በስተ ኋላ ወይም ከድሩ በታች አድርገው እየተከተሉት ይሸምናሉ። የሚያስደንቀው ነገር የሚሠሩት በጀርባው በኩል መሆኑ ነው። ፊቱን የሚያዩት በመስታወት ወይም ሥራው አልቆ ሲወርድ ነው። ወራትና ዓመታት የደከመበትን ሥራ ፊቱን ሳያይ የሚሠራ ሰው ምን ያህል ትዕግሥትና እምነት ያስፈልገው እንደ ነበር እናንተው ፍረዱ።

የክሩ ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። ዋነኞቹ ቀለሞች ከሦስት ተክሎች ይገኙ ነበር፤ ቀዩ ማደር ከሚባለው ተክል ሥር፣ ሰማያዊው ዎድ ከሚባለው ቅጠል፣ ቢጫው ደግሞ ዌልድ ከሚባለው ተክል ይወጣ ነበር። አረንጓዴ ሲፈለግ ሰማያዊውና ቢጫው ተደራርበው ይነከራሉ። ታዲያ ከዘመን ብዛት ቢጫው በብርሃን ይጠፋና ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ በጥንታዊ ታፒስትሪ ላይ ሰማያዊ ቅጠልና ሰማያዊ ሣር ብታዩ የጥንቱ ሸማኔ የቅጠልን መልክ አያውቅም ብላችሁ አትሳቁ፤ እሱ የሠራው አረንጓዴ ነበር፤ ሰማያዊ ያደረገው ፀሐዩ ነው።

መሳፍንቱ ይህን ያህል ወጪና ድካም ለግድግዳ ያዋሉት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ብርድ ነው። የድንጋይ ግንብ በክረምት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም የሱፍ መጋረጃ ሲዘረጋበት ግን ክፍሉ ትንሽ ሙቀት ያገኛል፤ የንፋሱም መግቢያ ይቀንሳል። ሁለተኛው ምክንያት የመሳፍንቱ አኗኗር ነው። ንጉሡና መስፍኑ ከግንብ ወደ ግንብ እየተዘዋወሩ ይኖሩ ነበርና፣ በግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ይዘው ሊሄዱ አይችሉም፤ ታፒስትሪ ግን ይጠቀለላል፣ በጋሪ ይጫናል፣ በደረሱበት አዳራሽ ይሰቀላል። ሦስተኛው ምክንያት ክብር ነው። ሱፍ፣ ሐር፣ አንዳንድ ጊዜም በወርቅ የተለበጠ ክር የገባበት መጋረጃ ባለቤቱ ምን ያህል ሀብት እንዳለው ያለ አዋጅ ነጋሪ ይናገራል። በዚህ ሙያ ከታወቁት ከተሞች መካከል ፓሪስ፣ አራስ፣ ቱርኔና ብራስልስ ይገኛሉ። የአራስ ስም እንዲያውም ከከተማ ስምነት አልፎ የዕቃው ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ ጣሊያኖች ታፒስትሪን እስከ ዛሬ አራዞ ይሉታል።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ዕቃውን ከውርደት አላዳነውም። በፈረንሳይ አገር በአንዤ ከተማ የሚገኘውን ታላቅ ሥራ እንውሰድ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የአንዡ መስፍን ቀዳማዊ ሉዊ የዮሐንስን ራእይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመጋረጃ እንዲያሸምኑለት አዘዘ። ንድፉን ያወጣው የብሩዥ ሰው ዣን ቦንዶል ነው። ሲያልቅ ርዝመቱ ወደ 140 ሜትር የሚጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ለከተማዋ ካቴድራል ተሰጠ፤ በበዓል ቀንም ይዘረጋ ነበር። ጊዜው ተለወጠ፤ የፈረንሳይ አብዮት መጣ፤ ያ የመስፍን መጋረጃ ተቆራርጦ የብርቱካን ዛፎችን ከውርጭ ማልበሻ፣ የፈረስ ጋጥ መሸፈኛና የወለል ምንጣፍ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዋጋውን የተረዱ ሰዎች ቁራጮቹን ሰብስበው ጠገኑት፤ ዛሬ ወደ 100 ሜትር ያህሉ ተርፎ በአንዤ ግንብ ውስጥ ይታያል። በጀርባው በኩል ብርሃን ስላልነካው ቀለሙ ከፊቱ ይልቅ ደምቆ ይገኛል።

ሌላም ልጨምር። ባለ አንድ ቀንዱን አፈ ታሪካዊ እንስሳ አዳኞች ሲያሳድዱት የሚያሳዩ ሰባት ታፒስትሪዎች አሉ። የተሠሩት በ1500 ዓ.ም. ገደማ ነው። እነሱም በአብዮቱ ጊዜ ከባለቤቶቹ ግንብ ተዘርፈው ድንች እንዳይበላሽ መሸፈኛ ሆነው ነበር ይባላል። በ1922 ጆን ሮክፌለር የልጅ ልጅ ሳይሆን ልጁ፣ ማለት ታናሹ ጆን ሮክፌለር ገዛቸው፤ በ1937 ለኒው ዮርክ ሙዚየም ሰጣቸው። ዛሬ ክሎይስተርስ በሚባለው የሙዚየሙ ክፍል ውስጥ ሰዎች ባሕር ተሻግረው መጥተው ያዩዋቸዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ድንች ሲሸፍንም፣ በሙዚየም ሲከበርም ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ዕውቀት ነው። ዋና የሆነ ዕቃ በማያውቅ ሰው እጅ ከድንች ጆንያ አይሻልም፤ ቅጂም ቢሆን በሚያውቅ ሰው ቤት መምህር ይሆናል።

በቅጂነት በብዛት የሚታየው «እመቤቲቱና ባለ አንድ ቀንዱ» የሚባለው ስድስት ታፒስትሪ ነው። ዋናው በፓሪስ ክሉኒ ሙዚየም ይገኛል። ይህም እንደዚሁ በ1500 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። በቡሳክ ግንብ ውስጥ እርጥበት ሲበላው ቆይቶ በ1841 ፕሮስፔር ሜሪሜ የተባለው ደራሲና የጥንታዊ ሐውልቶች ተቆጣጣሪ አየው፤ መንግሥት እንዲጠብቀውም አሳሰበ፤ በ1882 ለሙዚየሙ ተገዛ። ቀይ መደብ ላይ ትንንሽ አበቦች፣ ጥንቸሎችና ወፎች ተበትነዋል። በመካከል በደሴት መሳይ ስፍራ አንዲት እመቤት ቆማለች ወይም ተቀምጣለች፤ በአንድ ወገን አንበሳ፣ በሌላው ወገን ባለ አንድ ቀንዱ አለ።

አምስቱ መጋረጃዎች አምስቱን ሕዋሳት ያሳያሉ። በአንደኛው እመቤቲቱ ለእንስሳው መስታወት ታሳየዋለች፤ ይህ ማየት ነው። በሁለተኛው ትንሽ ኦርጋን ትመታለች፤ ይህ መስማት ነው። በሦስተኛው ከሣህን ጣፋጭ ታነሣለች፤ ይህ መቅመስ ነው። በአራተኛው የአበባ ጉንጉን ትሠራለች፤ ከበስተ ኋላዋ ዝንጀሮ አበባ ያሸታል፤ ይህ ማሽተት ነው። በአምስተኛው የእንስሳውን ቀንድ በእጅዋ ይዛለች፤ ይህም መዳሰስ ነው። ስድስተኛው ግን ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እመቤቲቱ ከድንኳን ፊት ቆማ ከጌጥ ሣጥን ጋር ትታያለች፤ በድንኳኑ ላይ «ለብቸኛው ምኞቴ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል የፈረንሳይኛ ቃል ተጽፏል። ጌጧን ከሣጥኑ እያወጣች ነው ወይስ እየመለሰች? እየመለሰች ነው የሚሉት ሰዎች፣ ሕዋሳትን ተድላ ሁሉ ትታ በልቧ የምትገዛ ሴት ናት ይላሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ግድግዳው ላይ ያለው ቅጂ ዘወትር ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ የማያውቅ ግን ከፈረስ ጋር የቆመች ሴት ብቻ ያያል።

ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚጥም ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ሥራ ያሠራው ቤተ ሰብ ለ ቪስት ይባላል። ከጥንት ጀምሮ በጦርነት ስም ያወጡ መሳፍንት አልነበሩም፤ ከሊዮን ከተማ የመጡ፣ ሕግ ተምረው በንጉሡ ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ከፍ ከፍ ያሉ ሰዎች ነበሩ። በዛሬው አነጋገር የሹመት ሰዎች እንጂ የዘር መሳፍንት አልነበሩም ማለት ነው። ሦስት ጨረቃ ያለበት የቤታቸው ዓርማ በስድስቱም መጋረጃዎች በየሰንደቁ ላይ ደጋግሞ ተሸምኗል። እንግዳ ወደ አዳራሹ ሲገባ፣ «እኛም ደርሰናል» የሚል ድምፅ ከግድግዳው እንዲሰማ ፈልገው ይመስለኛል። ስለዚህ ደመወዝተኛ ግድግዳውን ለክብሩ ማሳያ ማድረጉ በእኛ አልተጀመረም። ደስ የሚለውም የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቅጂው እንምጣ። ቅጂ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው እንደ ዋናው በእጅ የሚሸመነው ነው። በስኮትላንድ የስተርሊንግ ግንብ ውስጥ የንጉሥ ጄምስ አምስተኛ ቤተ መንግሥት ሲታደስ፣ በ1539 የተጻፈ የዕቃ መዝገብ ንጉሡ የባለ አንድ ቀንዱ ታሪክ ያለበት ታፒስትሪ እንደ ነበረው ያመለክት ነበር። ያ ታፒስትሪ ጠፍቷል። ስለዚህ ቀደም ብዬ የነገርኳችሁን የኒው ዮርኩን ሰባት መጋረጃ መሠረት አድርገው በ2001 እንደገና ማሸመን ጀመሩ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት፤ በ2015 በቤተ መንግሥቱ ለሕዝብ ታየ። ሸማኔዎቹ የዛሬውን የደበዘዘ መልክ ሳይሆን የጥንቱን ደማቅ መልክ ለመመለስ ሞከሩ። እንግዲህ ቅጂው ከዋናው ይልቅ ለዋናው የልደት ቀን ይቀርባል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ለእኔና ለእናንተ ደመወዝ አይደለም።

ሁለተኛው በመኪና የሚሸመነው ነው። በ1804 ገደማ በሊዮን ከተማ ዦዜፍ ማሪ ዣካር የተባለ ሰው ቀዳዳ ባላቸው ካርዶች የሚመራ የሽመና መኪና አወጣ። ቀዳዳው ባለበት ቦታ አንዱ ድር ይነሣል፤ ቀዳዳ በሌለበት ይቀራል፤ አንዱ ካርድ አንድ መስመር ማግ ያዛል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ካርዶች ተያይዘው ሙሉ ሥዕል ያወጣሉ። ይህ ሐሳብ ኋላ ቻርልስ ባቤጅን ለሒሳብ መኪናው ጠቅሞታል፤ የኮምፒዩተርም የሩቅ ዘመድ ሆኗል። ዛሬ ካርዱን ኮምፒዩተር ተክቶታል እንጂ መኪናው አሁንም በዣካር ስም ይጠራል። በገበያ የተሸመነ ቅጂ የሚባለው አብዛኛው የዚህ መኪና ልጅ ነው፤ ክሩም ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ይሆናል።

ሦስተኛው የታተመው ነው። ይህ ጨርቅ ላይ እንደ ጋዜጣ ፎቶግራፍ በቀለም የተመታ ነው፤ ሽመናው ከሥዕሉ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

እነዚህን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። ጀርባው ነጭ ወይም የደበዘዘ ከሆነ የታተመ ነው። ጀርባው የቀለም መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተው፣ ፊቱ ቀይ በሆነበት ቦታ ጀርባው ሌላ ቀለም የሚያሳይ ከሆነ የመኪና ሽመና ነው። ሥዕሉ በጀርባውም ልክ እንደ መስታወት ተገልብጦ የሚታይ፣ እዚህና እዚያም የክር ጫፍ ያለበት ከሆነ የእጅ ሽመና ሊሆን ይችላል። ሻጭ «ጀርባውን አትይ» ካላችሁ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ።

ባለፈው ሰሞን በመምህራን ክፍል ውስጥ ሁለት ባልደረቦቼ በዚህ ነገር ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው፣ «ቅጂ መስቀል የውሸት ጥርስ አድርጎ እንደ መሳቅ ነው» አለ። ሁለተኛው ቀበል አድርጎ፣ «ታዲያ በእጅህ የያዝከው መጽሐፍ ምንድን ነው? ደራሲው በገዛ እጁ የጻፈው ነውን? እሱም ቅጂ ነው፤ አንብበህ ግን ዐዋቂ ሆነህበታል» ሲል መለሰለት። የመጀመሪያው ዝም አላለም፤ «መጽሐፉ ቅጂ ነኝ ይላል፤ አንተ ግን ለእንግዳህ ምን ትለዋለህ?» አለው። እኔ በበኩሌ የክርክሩ ቁልፍ በዚህች የመጨረሻ ጥያቄ ውስጥ ነው እላለሁ።

የማውቀው አንድ ወጣት ጸሓፊ አለ። ለሽማግሌ ልኮ ልጅ ሊያጭ ሲሰናዳ፣ የልጅቱ አባት ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ ተብሎ ተነገረው። እሱም ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ተበድሮ ባለ አንድ ቀንዱ ያለበትን መጋረጃ ገዝቶ ሰቀለ። ሽማግሌው መጥተው አደነቁ፤ «ልጄ፣ ይህ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁት። እሱም ከአውሮፓ የመጣ፣ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው አላቸው። ሽማግሌው የሸማ ነጋዴ ነበሩ። ተነሥተው የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉና ጀርባውን አይተው መልሰው ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። ሲወጡ ግን ላኪዎቹን፣ «መጋረጃው መልካም ነው፤ ስለ መጋረጃው እውነቱን ያልነገረኝ ሰው ስለ ደመወዙ እውነቱን ይነግረኛልን?» አሏቸው። ጋብቻው ሳይሆን ቀረ፤ ብድሩ ግን ቀረለት። ልብ አድርጉ፤ ያሳፈረው ቅጂው አይደለም። «ቅጂ ነው አባቴ፤ ዋናው ፓሪስ ይገኛል፤ ታሪኩም እንዲህ ነው» ቢል ኖሮ ሽማግሌው በዕውቀቱ ሳይደሰቱ አይቀሩም ነበር።

ቅጂ ሠርተው ያልዋሹ ሰዎች ምሳሌ እንዲሆኑን አንድ ታሪክ ልጨምር። ስለ ኖርማኖች የእንግሊዝ ወረራ የሚያወሳው የባዩ መጋረጃ በ11ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፣ ወደ 70 ሜትር የሚረዝም ሥራ ነው። ታፒስትሪ እየተባለ ቢጠራም በበፍታ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ ስለ ሆነ በእርግጥ ጥልፍ ነው። በ1885 ሊክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ኤልሳቤጥ ዋርድል የተባለች እመቤት ጥልፍ ዐዋቂ ሴቶችን ሰብስባ ሙሉውን መቅዳት ጀመረች፤ በ1886 ጨረሱት። የቀዱት ከፎቶግራፍ ነበር፤ ፎቶግራፉ ላይ ለጨዋነት ተብሎ አንዳንድ ራቁት ምስሎች ተሸፍነው ስለ ነበር በቅጂው ላይ ሱሪ የለበሰ ሰው ተገኘ! ቅጂው ዛሬ በሬዲንግ ከተማ ሙዚየም ይታያል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ከጠለፈችው ክፍል በታች ስሟን በክር ጽፋለች። የጥንቱን ዋና ሥራ የጠለፉት እጆች ስማቸው አይታወቅም፤ የቀዱት ሴቶች ግን እነሆ በስማቸው ይጠራሉ። ስሙን የጻፈ ቀጂ ሌባ አይደለም፤ ምስክር ነው።

አንባቢዎቼ፣ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ሥዕል የተሸመነበት ታላቅ መጋረጃ በእኛም አገር ነበር። በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር የተሸመኑ የቤተ መቅደስ መጋረጃዎች አሉ። አሠራራቸው ከአውሮፓው የተለየ ነው፤ ድሩ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ገበታዎች ውስጥ ያልፍና ገበታዎቹ ሲዞሩ ድሩ እየተጠማዘዘ የሰው ምስል ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ሌላው ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ተወስዶ በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም ይገኛል። ፈረንሳዊ ተማሪ የእመቤቲቱን መጋረጃ ማየት ቢያምረው የፓሪስ ባቡር ይሳፈራል። የጎንደር ልጅ የአያቶቹን የሐር መጋረጃ ማየት ቢያምረው ግን ወደ ለንደን ወይም ወደ ቶሮንቶ መሻገር አለበት፤ ያለዚያ ፎቶግራፉን ማየት ነው።

እንግዲህ ለሌላው ሕዝብ ቅጂ የቤት ጌጥ ሲሆን፣ ለእኛ አንዳንድ ጊዜ የራሳችንን ነገር የምናይበት ብቸኛ መስኮት ነው። ይህን ሳስብ ቅጂን የሚንቅ ሰው አያስደስተኝም። ከመጋረጃ ሠሪዎቻችን አንዱ የጎንደሩን የሐር መጋረጃ በትንሹ ቢቀዳልን፣ ከሊክ ሴቶች ተምሮም ስሙን ከጫፉ ላይ ቢጽፍበት፣ እኔ ከባለ አንድ ቀንዱ በፊት እሱን እገዛ ነበር። በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንድ አንድ ቢሰቀል ደግሞ ለተማሪው ምን ያህል ትምህርት በሆነ!

የሚገዙ ሰዎች እንዳይሳሳቱ ጥቂት ምክር ልስጥና ላብቃ።

በመጀመሪያ፣ ተበድራችሁ አትግዙ። ግድግዳ ባዶ ሆኖ ቢቆይ ማንንም አይከስም፤ አበዳሪ ግን ይከሳል። ሁለተኛ፣ ግድግዳችሁን ሳትለኩ ወደ ገበያ አትሂዱ። ለመሳፍንት አዳራሽ የተነደፈ ሥዕል በትንሽ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሰውን ያፍናል፤ ለአንድ ክፍል ቤት ከሙሉው ሥዕል ይልቅ የአበባውን መደብ ወይም አንዲቱን ጥንቸል ብቻ የያዘ ቁራጭ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት፤ የጥንቱን ቅጠል ሰማያዊ ያደረገ ብርሃን የእናንተንም አይምረውም። አራተኛ፣ የክረምት እርጥበት የሚያሠርገው ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ ከጀርባው ነፋስ እንዲያልፍ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ አለዚያ ይሻግታል። አምስተኛ፣ በአራት ማዕዘኑ በምስማር አትቸንክሩት፤ ይቀደዳልና። ከላይ በኩል ከጀርባው ከዳር እስከ ዳር የጨርቅ ኪስ ስፉለትና እንጨት አግቡበት፤ ክብደቱ በሙሉ ስፋቱ ይከፋፈላል። ስድስተኛ፣ ሱፍ ካለበት ብል ይወደዋልና በየጊዜው አውርዳችሁ አራግፉት፤ ስታስቀምጡትም አትጠፉት፣ ጠቅልሉት እንጂ። ማጠፊያው ላይ ክሩ ይሰበራል።

የመጨረሻውና ዋናው ምክሬ ግን ይህ ነው። መጋረጃውን ከመስቀላችሁ በፊት ትንሽ ነጭ ጨርቅ ቁረጡና ዋናው ሥራ ምን እንደሚባል፣ በስንት ዓመት ገደማ እንደ ተሠራ፣ የት እንደሚገኝ፣ ይህም ቅጂ መሆኑን ጽፋችሁ ከጀርባው ስፉበት። የጠየቃችሁ ሰው ቢኖር ገልጣችሁ አሳዩት። የሸማ ነጋዴ ሽማግሌ ቢመጡም ጀርባውን ከማየት አታግዷቸው። ጀርባው ሲገለጥ የማያፍር ዕቃ ያለው ሰው፣ ግድግዳው ጠባብ ቢሆን እንኳ ቤቱ ሰፊ ነው።